የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ገንዳ ልኬት

የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ገንዳ ልኬት በማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ የሚሰራጨውን የድምፅ ግፊትና ግፊቱ የሚፈጥረውን ካቪቴሽን፣ ማለትም የጥቃቅን አረፋዎችን መፈጠርና መፈራረስ፣ የመለካት ሥራ ነው። ርዕሱ የሥነ ድምፅ፣ የፈሳሽ ፊዚክስና የሲግናል ትንተና የጋራ ርዕስ ነው። አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የነፍሰ ጡር ምርመራን ነው፤ ነገር ግን የምርመራው መሣሪያ በሜጋኸርዝ ድግግሞሽ ሲሠራ ማጠቢያው ባብዛኛው ከ25 እስከ 45 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው።

ማጠቢያው በሆስፒታል የማምከኛ ክፍል፣ በጥርስ ክሊኒክ፣ በወርቅ ቤት፣ በመነጽር ቤት፣ በናፍጣ ኢንጀክተር ጥገናና በሞባይል ጥገና ላይ ይውላል። ሲበራ ይጮሃል፣ የውሃው ገጽም ይንቀጠቀጣል። ይህ ግን ገንዳው እያጸዳ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ከገንዳው ሥር ከተጣበቁት ድምፅ አመንጪዎች አንዱ ቢላቀቅ ወይም ቢሰነጠቅ የቀሩት መጮኻቸውን ይቀጥላሉ፤ ከተላቀቀው በላይ ያለው የውሃ ክፍል ግን እቃ የተነከረበት ተራ ውሃ ይሆናል። በቀዶ ጥገና መቀስ መጋጠሚያ ውስጥ የደረቀ ደም ከቀረ፣ ቀጥሎ የሚመጣው አውቶክሌቭ ከደሙ ሥር የተሸሸገውን ተህዋስ ለመግደሉ ዋስትና የለም። ልኬቱ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ካቪቴሽን

ድምፅ በውሃ ውስጥ ሲጓዝ ውሃውን በየተራ ይጨምቀዋል፣ ይስበዋል። በመሳቡ ጊዜ የግፊቱ መቀነስ በቂ ከሆነ፣ በውሃው ውስጥ ካሉ ዓይን ከማያያቸው የጋዝ እንክብሎች አረፋ ያድጋል። መጭመቁ ሲመለስ አረፋው በቅጽበት ይፈራርሳል። አረፋው የፈረሰው ከአንድ ጠጣር ነገር አጠገብ ከሆነ ክብ ቅርጹን አይጠብቅም፤ በአንድ ወገን ተቦርቡሮ ቀጭን የውሃ ጅረት ወደ ጠጣሩ ገጽ ይወረውራል። ቆሻሻን የሚፈነቅለው ይህ ጅረትና ከፍርሰቱ የሚነሳው የድንጋጤ ሞገድ ነው። ሳሙናው ያግዛል እንጂ ዋናው ሠራተኛ አረፋው ነው።

ክስተቱ መጀመሪያ የታወቀው በጥፋቱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ዴሪንግ የተጠበቀባትን ፍጥነት ማግኘት ያቃታት፣ መቅዘፊያዋ በውሃ ውስጥ ባዶ ክፍተት ስለሚፈጥር መሆኑን ቶርኒክሮፍትና ባርናቢ እ.ኤ.አ. በ1895 ገለጹ። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1917 የአንድ ክብ ክፍተት መፈራረስ ምን ያህል ግፊት እንደሚፈጥርና ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በሒሳብ አሳየ። በሬይሊ ቀመር መሠረት 0.1 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ባዶ ክፍተት በባሕር ወለል የአየር ግፊት ሥር ለመፈራረስ 9 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ አንድ ዑደት 25 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ አረፋው በዚያው ዑደት ውስጥ ለመጥፋት ጊዜ አለው።

በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን ባሕር ሰርጓጅ ለመፈለግ ኳርትዝን በሁለት ብረቶች መሐል በማስገባት ኃይለኛ የውሃ ውስጥ ድምፅ አመንጪ ሠራ። የዛሬው ማጠቢያ ገንዳ ትራንስዱሰር የዚሁ ልጅ ነው፤ በኳርትዙ ፋንታ ፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ በሁለት ብረቶች መሐል በብሎን ታስሮ ከገንዳው ወለል ሥር ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1934 ፍሬንዘልና ሹልተስ በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ በአልትራሳውንድ ውሃ ውስጥ የነከሩት የፎቶግራፍ ሰሌዳ ብርሃን እንደነካው ሆኖ አገኙት፤ የሚፈራርሰው አረፋ ብርሃን እንደሚሰጥ በዚህ ታወቀ።

አረፋ የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽም አለው። ማርሴል ሚናርት እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ቀመር መሠረት በውሃ ውስጥ የአየር አረፋ ራዲየስ በሚሊሜትር ከድግግሞሹ በኪሎኸርዝ ጋር ሲባዛ 3.26 ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ለ40 ኪሎኸርዝ ተገቢው አረፋ 0.08 ሚሊሜትር፣ ለ25 ኪሎኸርዝ ደግሞ 0.13 ሚሊሜትር ራዲየስ አለው። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ትልልቅና ኃይለኛ አረፋ የሚሰጠው፣ ከፍተኛው ደግሞ ለስስ እቃ የሚመረጠው በዚህ የተነሳ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ፋብሪካዎች ወደ አንድ ሜጋኸርዝ የተጠጋ ድግግሞሽ የሚጠቀሙትም ስሱን ገጽ ላለመጉዳት ነው።

የገንዳው የድምፅ መስክ

የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,482 ሜትር ገደማ ነው። በ40 ኪሎኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 37 ሚሊሜትር ይሆናል። ከወለሉ የተነሳው ሞገድ የውሃው ገጽ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ከግድግዳውም ይንጸባረቃል፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ሲደራረቡ ቋሚ ሞገድ ይፈጠራል። በቋሚ ሞገድ ውስጥ ግፊቱ ሁልጊዜ ከፍ የሚልባቸውና ሁልጊዜ ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። ውሃው አየርን በሚነካበት ገጽ ላይ የድምፁ ግፊት ዜሮ ነው፤ የመጀመሪያው ከፍተኛ ግፊት የሚገኘው ከገጹ በሩብ የሞገድ ርዝመት፣ 9 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ሲሆን ቀጣዮቹ በየ18.5 ሚሊሜትሩ ይከተላሉ።

በአንድ ገንዳ ውስጥ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ የጸዳና ያልጸዳ መስመር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። አምራቾች ችግሩን ለማቃለል ድግግሞሹን በአንድ ወይም በሁለት ኪሎኸርዝ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል። ተጠቃሚውም ቅርጫቱን ቀስ ብሎ በማንቀሳቀስ ያንኑ ያደርጋል። የውሃውን ከፍታ በአንድ ሴንቲሜትር መቀየር ወይም ውሃውን ማሞቅ መስኩን ይቀይረዋል፤ በ50 ዲግሪ የድምፁ ፍጥነት ወደ 1,543 ሜትር ስለሚያድግ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው ቦታዎች ይሸሻሉ። ባዶ ገንዳ ላይ የተደረገ ልኬት መቀስና ቆንጥጥ ለሞላበት ገንዳ አይሠራም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ብረት ድምፁን ያንጸባርቃል፣ ጥላም ይጥላል።

በመለያው ላይ የተጻፈው ዋት

በገንዳው ጀርባ የተጻፈው ዋት ከግድግዳው ሶኬት የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም የጄኔሬተሩን ከፍተኛ አቅም የሚናገር ነው። አንዳንድ ሻጮች የማሞቂያውንም ዋት ደምረው ይጽፉታል። ወደ ውሃው የገባውን የድምፅ ኃይል ለመገመት ቀላሉ መንገድ የሙቀት ልኬት ነው። የገንዳው ማሞቂያ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ሲሠራ የውሃው ሙቀት በምን ያህል እንደጨመረ ይለካል። የውሃው ክብደት በኪሎግራም፣ የ4,186 ጁል የሙቀት ይዘትና የጨመረው ዲግሪ ተባዝተው ለሰከንዱ ይካፈላሉ። ለምሳሌ 5 ሊትር ውሃ በ5 ደቂቃ 1.4 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ ውሃው የገባው ኃይል 98 ዋት ገደማ ነው። ከገንዳው ግድግዳ የሚወጣው ሙቀት ልኬቱን ስለሚያሳንሰው ሙከራው የሚጀመረው ከክፍሉ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ካለ ውሃ ነው።

ይህ ቁጥር ጠቅላላውን ይናገራል እንጂ የት እንደሆነ አይናገርም። ካቪቴሽን መኖሩንም አያረጋግጥም፤ ድምፅ አረፋ ሳይፈጥርም ውሃ ያሞቃል።

ኃይሉንና ግፊቱን የሚያገናኘው ቀመር ግን ጠቃሚ ነው። ለሚጓዝ ሞገድ የድምፁ ጥንካሬ ከግፊቱ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል፤ የግፊቱ ጫፍ ስኩዌር ለውሃው እፍጋት፣ ለድምፁ ፍጥነትና ለሁለት ብዜት ይካፈላል። የድምፁ ግፊት ጫፍ ከባሕር ወለል የአየር ግፊት ጋር እኩል እንዲሆን በስኩዌር ሴንቲሜትር አንድ ሦስተኛ ዋት ገደማ ይበቃል። የብዙ ገንዳዎች ኃይል ለወለላቸው ስፋት ሲካፈል ከዚህ አካባቢ የሚገኘው በአጋጣሚ አይደለም።

ያለ ውድ መሣሪያ የሚደረጉ ፈተናዎች

በጣም የታወቀው የአሉሚኒየም ፎይል ፈተና ነው። ለምግብ መጠቅለያ የሚሸጠው ስስ ፎይል በሽቦ ላይ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ወደ ገንዳው ይገባል፤ የወለሉን ትራንስዱሰሮች ሁሉ እንዲሸፍን የገንዳው ርዝመት ያህል መሆን አለበት። ከ20 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሲወጣ በርበሬ እንደተነሰነሰበት ነጥብ ነጥብ ይላል፣ ይበሳሳልም። ነጥቦቹ በእኩል የተበተኑ ከሆነ ገንዳው ደህና ነው። አንድ ሰፊ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ከሥሩ ያለው ትራንስዱሰር መመርመር አለበት። ፎይሉን አድርቆ፣ ቀኑን ጽፎበት በየወሩ ከሚደረገው ጋር ማነጻጸር ከአንድ ጊዜ ፈተና ብዙ ይበልጣል። ከፎይሉ የተቦጨቁት ቅንጣቶች ገንዳው ውስጥ ስለሚቀሩ ውሃው ከፈተናው በኋላ ይደፋል።

ፎይሉን በስካነር አንስቶ የተበሳውን ስፋት በኮምፒውተር መቁጠር ፈተናውን ወደ ቁጥር ይቀርበዋል። ይሁን እንጂ በፎይሉ ውፍረት፣ በአወጣጠሩና በሰከንዶች ልዩነት ውጤቱ ስለሚዋዥቅ ሁለት የተለያዩ ገንዳዎችን ለማወዳደር አይበቃም።

የመስታወት ፈተና ሌላው ነው። ገጹ የደነዘዘ የላቦራቶሪ ስላይድ በውሃ ረጥቦ በተራ እርሳስ የመስቀል ምልክት ይደረግበታል፤ ደህና ገንዳ ምልክቱን በ10 ሰከንድ ገደማ መልቀቅ ይጀምራል። ለሆስፒታል የሚሸጡ፣ ቀለማቸውን የሚለውጡ ትንንሽ ብልቃጦችም አሉ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቂ ካቪቴሽን ሲያገኝ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

በኬሚስትሪ ክፍል የሚሠራው ደግሞ የአዮዳይድ ዘዴ ነው። አረፋው ሲፈራርስ በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት የውሃን ሞለኪውል ይሰብራል፤ ከዚያ የሚወጡት ንቁ ቅንጣቶች በውሃ የሟሟውን ፖታሲየም አዮዳይድ ወደ አዮዲን ይለውጡትና ውሃው ቢጫ ይሆናል። ቢጫነቱ በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። ዋይስለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረቡት ዘዴ ስለሆነ በስሙ ይጠራል። በአዮዳይዱ ፋንታ ሉሚኖል ከተጨመረና ክፍሉ ከጨለመ ካቪቴሽን ያለበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የቋሚው ሞገድ ድርብርብ በዓይን ይታያል፣ በረጅም የመዝጊያ ጊዜም ፎቶ ይነሳል። በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የለም። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚለኩት የአረፋውን ኬሚካዊ ሥራ ነው፤ ቆሻሻ የሚፈነቅለው ሜካኒካዊ ሥራ ከዚያ ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም።

ሃይድሮፎን

ሃይድሮፎን የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ነው። የሚሠራው ከፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ወይም ፒዞኤሌክትሪክነቱን ጃፓናዊው ካዋይ እ.ኤ.አ. በ1969 ካገኘው ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። በግፊት መጠን ቮልቴጅ ይሰጣል። በአንድ ፓስካል 30 ማይክሮቮልት የሚሰጥ ሃይድሮፎን 100 ኪሎፓስካል ሲደርሰው 3 ቮልት ያወጣል፤ ይህም ለተራ ኦሲሎስኮፕ በቂ ነው። ይህ የመቀየሪያ ቁጥር ከድግግሞሽ ድግግሞሽ ስለሚለያይ ሃይድሮፎኑ ካሊብሬት መደረግ አለበት።

በገንዳ ውስጥ ሃይድሮፎን መጠቀም ከባሕር ይልቅ ያስቸግራል። መሣሪያው ራሱ ድምፁን ያንጸባርቃል፣ አረፋ በላዩ ላይ ይሰበሰባል፣ ካቪቴሽኑም ቀስ በቀስ ጫፉን ይበላዋል። ቋሚው ሞገድ በየ18.5 ሚሊሜትር ስለሚደጋገም መስኩን በካርታ ለመሳል የሚፈልግ ሰው በየ5 ሚሊሜትሩ መለካት ይኖርበታል። 30 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ በአንድ ጥልቀት ብቻ ከ1,800 በላይ ነጥብ ይጠይቃል ማለት ነው፤ በእጅ የሚሠራ አይደለም፣ እንደ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ያለ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚለካው ነገር ምንነት ነው። ጀማሪ የሚያደርገው የሃይድሮፎኑን ጠቅላላ ቮልቴጅ ማንበብ ነው። ይህ ግን በአብዛኛው ትራንስዱሰሩ የላከውን ድምፅ እንጂ አረፋው የሠራውን አይናገርም። ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ ከትራንስዱሰሩ አጠገብ የአረፋ ደመና ይፈጠርና ድምፁን ይውጠዋል፤ በገንዳው መሐል ያለው ግፊት መጨመሩን ያቆማል፣ አንዳንዴም ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍተኛ ግፊት የተነበበበት ቦታ ካቪቴሽን የሌለበት ሊሆን ይችላል።

የድምፁን ስፔክትረም ማንበብ

መፍትሔው ድምፁን በድግግሞሽ መነጣጠል ነው። ሲግናሉ በዲጂታል መልክ ተቀድቶ በፈጣን ፎሪየር ትራንስፎርም ሲተነተን የገንዳው ሁኔታ በግልጽ ይታያል። ኃይሉ ዝቅተኛ ሲሆን የሚታየው የ40 ኪሎኸርዝ ጫፍ ብቻ ነው። ሲጨምር የእሱ ሙሉ ብዜቶች፣ 80፣ 120፣ 160 ኪሎኸርዝ ብቅ ይላሉ። አረፋዎቹ ሳይፈራርሱ በኃይል ሲርገበገቡ ግማሹ፣ 20 ኪሎኸርዝ፣ ከዚያም 60ና 100 ኪሎኸርዝ ይወጣሉ። ገንዳው ሲበራ ለጆሮ የሚደርሰው ሹክሹክታ የሚመጣው ከዚህ ከዝቅተኛው ክፍልና ከሰፊው ጫጫታ ነው። አረፋዎቹ መፈራረስ ሲጀምሩ የድንጋጤ ሞገዶቻቸው በዘፈቀደ ስለሚደራረቡ በጫፎቹ መሐል ያለው ወለል በሙሉ ከፍ ይላል። ይህ የወለል ጫጫታ ነው የካቪቴሽን ምስክር የሚባለው።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ቁጥር 63001 ቴክኒካዊ ሰነድ ይህንን መሠረት አድርጓል። ሰነዱ ከሚገልጻቸው ዘዴዎች አንዱ ጫጫታውን ከመሠረታዊው ድግግሞሽ 2.25 እጥፍ በሆነ ቦታ ላይ ማንበብ ነው። ምርጫው ላዩን ሲታይ እንግዳ ይመስላል፤ ስፔክትረሙን ላስተዋለ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለ40 ኪሎኸርዝ ገንዳ 2.25 እጥፍ 90 ኪሎኸርዝ ነው፤ በግራው 80፣ በቀኙ 100 ኪሎኸርዝ ጫፎች አሉ፣ 90 ላይ ግን ምንም ጫፍ አይወጣም። እዚያ የሚገኘው ሁሉ ጫጫታ ነው። ከዚህ ሰነድ በፊት ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ማጠቢያዎች የፈተና አሠራር ያወጣው ሪፖርት ነበር፤ አሠራሮቹን ይመረምራል እንጂ አንዱን እንደ መለኪያ አልደነገገም።

በዚህ ልኬት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፊዚክሱ ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው። የቅጂው ፍጥነት ከሚፈለገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከሁለት እጥፍ መብለጥ አለበት፤ ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ ከመቀዳቱ በፊት በማጣሪያ ካልተወገደ ታጥፎ ተመልሶ 90 ኪሎኸርዝ ላይ የሌለ ጫጫታ ይሠራል። የኮምፒውተር ድምፅ ካርድ በሰከንድ 192 ሺህ ናሙና ቢወስድ እንኳ የሚያየው እስከ 96 ኪሎኸርዝ ነው፤ ለ40 ኪሎኸርዝ ገንዳ በጠርዝ ላይ ያለ ነው፣ አይመከርም። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ናሙና የሚወስድ መቅጃ 10 ሺህ ናሙና ሲይዝ የስፔክትረሙ ጥራት 100 ኸርዝ ይሆናል። የ40 ኪሎኸርዙ ጫፍ ከጫጫታው በሺህ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል በመስኮት ፈንክሽን ካልተገደበ እየፈሰሰ ጎረቤቱን ይሸፍናል፤ የሃኒንግ መስኮት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሌላው ወጥመድ የመብራቱ ነው። ርካሽ ጄኔሬተሮች የግድግዳውን ኤሌክትሪክ አቅንተው ሳያለሰልሱ ስለሚጠቀሙበት የድምፁ ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ከፍ ዝቅ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ያጠረ ቅጂ የተወሰደው በከፍታው ወይም በዝቅታው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁለት ተከታታይ ንባቦች በብዙ ይለያያሉ። ቅጂው የ10 ሚሊሰከንድ ሙሉ ብዜት መሆን፣ ቢያንስ በደርዘን የሚቆጠሩ ቅጂዎችም ተወስደው የኃይላቸው አማካይ መሰላት አለበት። አማካዩ የሚሰላው ከኃይሉ እንጂ ከዴሲቤሉ አይደለም።

በእንግሊዝ ብሔራዊ ፊዚካል ላቦራቶሪ ባይራም ዘቺሪ፣ ማርክ ሆድኔትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ሴንሰር ችግሩን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ሴንሰሩ ክፍት ሲሊንደር ነው፤ በውስጡ ፒዞኤሌክትሪክ ፕላስቲክ፣ በውጪው ደግሞ ሜጋኸርዝ የሚውጥ ወፍራም ልባስ አለው። የገንዳው የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ልባሱን አልፎ ይገባል፤ ከውጪ ያሉት አረፋዎች የሚያሰሙት የሜጋኸርዝ ጫጫታ ግን ይዋጣል። ስለዚህ የሚነበበው ሜጋኸርዝ ከሲሊንደሩ ውስጥ ካሉት አረፋዎች ብቻ የመጣ ነው፤ ጫጫታው ከየት እንደመጣ የሚያስጠይቅ ነገር አይኖርም።

ከፍታና የአየር ግፊት

የማጠቢያ አምራቾች መመሪያ በአብዛኛው የሚጻፈው ለባሕር ወለል፣ 101 ኪሎፓስካል የአየር ግፊት ላለበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ከተሞች ብዙዎቹ ከዚያ በጣም ከፍ ይላሉ። በአሶሳ፣ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ወደ 84 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ)፣ 1,920 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 80፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 77። ውሃ በአሶሳ በ95፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ይህ ለካቪቴሽን ሁለት ተቃራኒ ውጤት አለው። አረፋ ለመፍጠር ድምፁ የአየሩን ግፊት ማሸነፍ ስላለበት በከፍታ ቦታ ካቪቴሽን በትንሽ ኃይል ይጀምራል፤ የድምፁ ግፊት ከአየሩ ጋር እንዲተካከል በባሕር ወለል በስኩዌር ሴንቲሜትር 0.35 ዋት ገደማ ሲያስፈልግ በአዲስ አበባ 0.2 ዋት ይበቃል። በሌላ በኩል አረፋውን ጨፍልቆ የሚያፈርሰው ያው የአየር ግፊት ነው። 0.1 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ክፍተት ሲፈራርስ አየሩ የሚሰጠው ጉልበት በባሕር ወለል 0.42 ማይክሮጁል፣ በአዲስ አበባ 0.32 ማይክሮጁል ነው። አረፋው ይበዛል፣ ምቱ ግን ይለዝባል።

ሙቀት ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል። በ80 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት ግፊት 47 ኪሎፓስካል ነው። በባሕር ወለል ይህ ከአየሩ ግፊት ግማሽ አይሞላም፤ በደብረ ዘይት ግን ስድሳ በመቶ ገደማ ይሆናል። አረፋው በእንፋሎት ስለሚሞላ እንደ ትራስ ይለሰልሳል እንጂ አይፈራርስም። መመሪያው እስከ 80 ዲግሪ ቢፈቅድ እንኳ በደጋ ከተማ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሞክሮ በፎይል ማነጻጸር ይሻላል። ደም የነካው የሕክምና መሣሪያ ግን በየትኛውም ከፍታ ከ45 ዲግሪ በታች መታጠብ አለበት፤ ከዚያ በላይ የደሙ ፕሮቲን ረግቶ ብረቱ ላይ ይጣበቃል።

የተሟሟ አየርም ከከፍታው ጋር ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በባሕር ወለል በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲሟሟ በአዲስ አበባ 6.9 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህ ይጠቅማል፤ የተሟሟ ጋዝ ወደ አረፋው ገብቶ ፍርሰቱን ያለሰልሰዋልና። ሆኖም ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በግፊት የመጣ ስለሆነ ጋዙ እስኪወጣ ገንዳውን ያለ እቃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማሠራት ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት የተደረገ ልኬት ዋጋ የለውም፤ ንባቡ በየደቂቃው ይለዋወጣል።

በኢትዮጵያ ከሚታጠቡ ነገሮች አንጻር

ካቪቴሽን በጣም ጠንካራ መሆኑም ችግር ነው፤ ልኬቱ ጉድለትን ብቻ ሳይሆን ትርፍንም ለማወቅ ይረዳል። ከወርቅ ቤት አንጻር፣ ድንጋይ የሌለው የወርቅ ቀለበት፣ ለምሳሌ ወርቅ በባህላዊ መንገድ ከሚወጣበት ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ወርቅ የተሠራ፣ ገንዳ ቢገባ ጉዳት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ግን ውሃ የሚመጥ ዓይነት ነው፤ በውሃ ውስጥ የቀለም ጨዋታውን ለጊዜው ያጣል፣ ንዝረቱም ይሰነጥቀዋል። የሻኪሶ ኤመራልድም ቢሆን፣ እንደ አብዛኛው ኤመራልድ ስንጥቁ በዘይት የተሞላ ከሆነ ዘይቱ በገንዳው ይወጣና ድንጋዩ ይደበዝዛል። ለሁለቱም የሚሆነው ለስላሳ ብሩሽና ጨርቅ ነው።

በሞባይል ጥገና ውሃ የገባበት ቦርድ በትንንሽ ገንዳዎች ይታጠባል። እዚህ የሚያሰጋው ንዝረቱ የማይክሮፎንና የክሪስታል ክፍሎችን ሊሰብር መቻሉ ነው፤ አጭር ጊዜና ከፍ ያለ ድግግሞሽ ይመረጣል። ቲነር፣ ቤንዚን ወይም አልኮል በቀጥታ ወደ ገንዳው መጨመር የለበትም፤ ንዝረቱ ትነቱን ያባብሰዋል፣ ከገንዳው ሥር ያለው ሰርኪዩትም ሊለኩሰው ይችላል። የግድ ካስፈለገ ጥቂቱ በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ብርጭቆው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። በሚሠራ ገንዳ ውስጥ ጣት ማስገባትም አይፈቀድም።

በውሃ ኃይል ተርባይን

ማጠቢያው የሚፈልገው ካቪቴሽን በውሃ ኃይል ማመንጫ ጠላት ነው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ወረዳ ላይ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚጠቀምበት የፍራንሲስ ተርባይን፣ ውሃው በምላሱ ጀርባ ግፊቱ ሲወርድ አረፋ የሚፈጠርበት ዓይነት ነው። ጭነቱ ከታቀደው ሲርቅ አረፋው ይበዛል፣ ብረቱንም እንደ ፎይሉ ይቦረቡረዋል። በእንዲህ ያሉ ተርባይኖች ካቪቴሽንን ለማወቅ የሚሠራበት መንገድ ከገንዳው ጋር አንድ ነው፤ ከአካሉ ላይ የተጣበቀ የንዝረት ሴንሰር ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይቀዳል፣ የማሽኑ የራሱ ዙር የሚሰጣቸው ጫፎች ይወጣሉ፣ የቀረው ሰፊ ጫጫታ ይለካል። ልዩነቱ፣ በተርባይኑ ጫጫታው ሲነሳ ኦፕሬተሩ ጭነቱን ይለውጣል፤ በገንዳው ደግሞ ጫጫታው ሲጠፋ ነው ቴክኒሺያን የሚጠራው።